«ወራጅ አለ!» የሚለው ልጄ ምን እያለኝ ነው? የሰሙትን ስለሚደግሙ ሰዎች የቀረበ ጥያቄና የመጡ ምላሾች

ልጄ ኦቲዝም አለበት፤ ንግግርንና ከሰው መግባባትን የሚነካ የአእምሮ ዕድገት ልዩነት ነው። ሰባት ዓመት ሊሞላው ነው። የሚናገረው ሁሉ ከሌላ ሰው አፍ የተወሰደ ነው፤ ቃሉ ብቻ ሳይሆን ድምፁም ዜማውም ጭምር። ሳል ያለበት ሰው የተናገረውን ሲደግም ሳሉንም ይጨምርበታል። ከሁሉ አብልጦ የሚወዳት «ወራጅ አለ!» ናት፤ ከታክሲ ያመጣት ናት። በቅርቡ ሰፈራችን ለቅሶ ነበርና ይዤው ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሁሉ ዝም ባለበት ሰዓት ከጉልበቴ ላይ ተነሣና እንደ ጎልማሳ ተሳፋሪ በወፍራም ድምፅ «ወራጅ አለ!» አለ። ከፊሉ ሰው ሳቁን ዋጠ፤ አንዲት እናት ደግሞ ልጅሽን ሥርዓት አስተምሪው ብለው ተቆጡኝ። እኔ ግን ወዲያው ገብቶኛል፤ መውጣት ፈልጓል። ይዤው ወጣሁ።

የሚማርበት ቦታ ያሉ መምህር ሲደግም አትመልሺለት፣ ከመለስሽለት ልማድ ይሆንበታል ብለውኛል። አንጀቴ እምቢ አለኝ። ለእኔ ይህ ንግግር ነው። ልጁ የሚፈልገውን ነግሮኝ እንዳልሰማሁ መሆን አልችልም። ስለዚህ እዚህ መወያያ ላይ እንዲህ ብዬ ጠየቅሁ፦ የሰሙትን መልሶ ማለት ንግግር ነው ወይስ አይደለም? ልጆቻችሁ እንዴት ናቸው? ራሳችሁስ?

ምላሾቹ በዝተው እርስ በርሳቸው ስለተጠላለፉ፣ ዘግይቶ ለሚገባ ሰው እንዲመች በቁጥራቸው ቅደም ተከተል እተርካቸዋለሁ። የሰው ገመና ስላለበት ቃል በቃል አልገለብጥም።

ምላሽ 1

ከደሴ የጻፉ እናት ናቸው። መርቀውኛል፤ የወንድማቸው ልጅ አምስት ዓመት እስኪሞላው አፉን አልፈታም ነበር፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል አሉ። ጸበል እንድወስደውና ተስፋ እንዳልቆርጥ መከሩኝ። አሜን ብያለሁ።

ምላሽ 2

አዲስ አበባ የምትሠራ የንግግር ሕክምና ባለሙያ ናት። በመጀመሪያ ምላሽ 1ን በትሕትና አረመች፤ አፍ መፍታት መዘግየትና የሰሙትን መድገም አንድ አይደሉም። ከዚያ በሙያው ኢኮላሊያ እንደሚባል ነገረችን። ሁለት ዓይነት ነው፦ ወዲያው የሚደገምና ከሰዓታት ወይም ከዓመታት በኋላ የሚወጣ። የእኔ ልጅ «ወራጅ አለ!» ሁለተኛው ነው።

ነገሩ አዲስ ግኝት እንዳልሆነም አስረዳች። ሊዮ ካነር የተባለው የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1943 ባልቲሞር ውስጥ ስለ 11 ልጆች በጻፈው ጥናት ላይ ይህን ጠባይ መዝግቦታል። ከእነዚያ ልጆች አንዱ ዕቃ ለመወርወር ሲቃጣ ውሻውን ከሰገነት አትወርውር እያለ ለራሱ ይናገር ነበር። በቦታው ውሻም ሰገነትም የለም። ነገሩ ሲጣራ ከሦስት ዓመት በፊት እንግሊዝ አገር ሆቴል አርፈው ሳሉ የአሻንጉሊት ውሻውን ከሰገነት ቁልቁል ሲጥል እናቱ የተቆጣችው ቁጣ ነው። ልጁ ያንን ቁጣ ይዞ ራሱን ይከለክልበት ነበር። ይህን ሳነብ ስለ ልጄ የተጻፈ መሰለኝ።

ይሁን እንጂ ለብዙ ዓመታት ባለሙያዎች ነገሩን እንደ ባዶ ድምፅ ቆጥረው ሊያጠፉት ሲሞክሩ ኖረዋል። ባሪ ፕሪዛንትና ጁዲት ዱካን እ.ኤ.አ. በ1981 ልጆችን በቪዲዮ ቀርጸው ዓይናቸው ወዴት እንደሚያይ፣ እጃቸው ምን እንደሚይዝ ተከታተሉ። ወዲያው የሚደገመው ንግግር ራሱ ሰባት ዓይነት ሥራ እንዳለው አገኙ፤ አንዳንዱ ተራን ለመጠበቅ፣ አንዳንዱ እሺ ለማለት፣ አንዳንዱ ለመለመን፣ አንዳንዱ ደግሞ ራስን ለመምራት።

ባለሙያዋ አንድ ነገር ከአማርኛው ጨመረች። እኛ ዘንድ ተናጋሪው ማን እንደሆነ ግሡ ላይ ይታያል። እናት «ውሃ ትጠጣለህ?» ብላ ስትሰጠው የኖረች ልጅ፣ ሲጠማው «ውሃ ትጠጣለህ?» ይላል። ሰው ጥያቄ መስሎት አልጠጣም ብሎ ያልፈዋል፤ ልጁ ደግሞ ይጮኻል። እሱ እየለመነ ነው። ስለዚህ ልጁ ሊለው የሚገባውን በእሱ ቦታ ሆነን «ውሃ እፈልጋለሁ» ብለን እንድንሰጠው መከረች፤ የሚደግም ልጅ ያንኑ ይደግማልና።

ምላሽ 3

የሐዋሳ አባት። ልጃቸው እንግሊዝኛ ብቻ ነው የሚናገረው፤ ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ የሚያወራለት ሰው የለም። ከዩቲዩብ ነው። ቀለም፣ ቁጥር፣ የማስታወቂያ ንግግር በአሜሪካኖች ቅላፄ ያወርደዋል። ጎረቤት ልጁን ፈረንጅ ሊያደርጉት ነው ብሎ ያማቸዋል፤ አያቱ ደግሞ የልጅ ልጃቸውን ማናገር አልቻሉም። እንዲህ ያለው ነገር ብዙ ቤት አለ። ከምላሽ 3 በታች እኔም ጋ እኔም ጋ የሚሉ አጫጭር ጽሑፎች ስለተደረደሩ ቁጥር አልሰጠኋቸውም።

ምላሽ 4

እዚህ ላይ ድምፁ ተለወጠ። ጸሐፊው የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ናቸው። በአንድ ክፍል ከሃምሳ በላይ ተማሪ ይዘው፣ የጠየቁትን ጥያቄ መልሶ የሚጠይቅ ልጅ ሲኖር ክፍሉ በሙሉ እንደሚረበሽ ጻፉ። ስምህ ማን ነው ሲሉት ስምህ ማን ነው የሚል ልጅ ምን አለ ተብሎ ይመዘገባል? ወላጅ በፍቅር እየተረጎመ ሲኖር ልጁ ውጭ ወጥቶ ማንም የማይተረጉምለት ዓለም ይጠብቀዋል አሉ። አሜሪካኖች ትክክል ሲመልስ በመሸለም፣ ሲደግም ዝም በማለት ልማዱን አስለቅቀዋል፤ እኛ ለምን እንቃወማለን? ይህ ነበር ክርክራቸው።

ማንም የማይተረጉምለት ዓለም የሚለው ሐሳብ እኔንም እንቅልፍ የሚነሳኝ ስለሆነ አልናቅሁትም።

ምላሽ 5

የማን እንደሆነ አላወቅሁም፤ ብዕሩ ግን የተሳለ ነው። አሜሪካኖች ያስለቀቁበትን መንገድ መምህሩ ያውቁት እንደሆነ ጠየቀ። ኢቫር ሎቫስ የተባለው ሰው ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሲጀምር በጥፊና በጩኸት፣ አልፎም በኤሌክትሪክ ንዝረት ይቀጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣው ታዋቂ ጥናት በሳምንት 40 ሰዓት ከሠለጠኑ 19 ልጆች 9ኙ ከእኩዮቻቸው የማይለዩ ሆኑ ይላል። ልጆቹ በዕጣ ስላልተመደቡ ውጤቱ የሥልጠናው ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ከእኩያ አለመለየት ማለትስ መዳን ነው ወይስ መደበቅ? ብሎ አፋጠጠ። መጨረሻ ላይ መምህሩን አርጩሜ ናፋቂ አላቸው፤ ይህ ቃል አስፈላጊ አልነበረም።

ምላሽ 6

መምህሩ ተመለሱ፤ ተቆጥተዋል። ልጅ መትተው እንደማያውቁ፣ እሳቸው የጻፉት ስለ ሽልማትና ስለ ዝምታ መሆኑን አስታወሱ። ሩቅ ሆኖ መፍረድ ቀላል ነው አሉ። ደግሞም እውነት አላቸው። እንዲህ ያለው ልጅ ክፍላቸው ሲገባ ሥልጠና የሰጣቸው አንድም ሰው የለም።

ምላሽ 7

ውይይቱን የለወጠችው ይህን የጻፈችው ሴት ናት። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ትኖራለች። ኦቲዝም እንዳለባት ያወቀችው ሠላሳን ካለፈች በኋላ ነው። ልጅ ሳለች ጥግ ይዛ ዝም ስለምትል ጨዋ ናት ይሏት ነበር፤ ሴት ልጅ ዝምተኛ ስትሆን ማን ሐኪም ጋ ይወስዳታል?

እሷም የሰውን አነጋገርና አኳኋን ትቀዳለች። ቡና ሲፈላ ዓይኗ ከአክስቷ አይነቀልም። አክስቷ አቦሉን ፉት ስትል ቡናውን ታደንቃለች፤ ቶና ላይ የሰው ልጆችን በየስማቸው ትጠይቃለች፤ የሕመም ወሬ ሲመጣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ከንፈሯን ትመጣለች። ልጅቱ ይህን ሁሉ በልቧ ይዛ፣ ከንፈር መምጠጡን መስታወት ፊት ቆማ ተለማመደችው። መቼ መምጠጥ እንዳለባት አታውቅም፤ አክስቷን ተከትላ ነው። ዕጣኑ ጉሮሮዋን ሲዘጋትም በረካ ሳይጠጣ መነሣት ስለሌለ ትቀመጣለች።

ቢሮ ደግሞ ሌላ ሰው ናት። የአንዲት የሥራ ባልደረባዋን ሳቅ፣ የእጅ አወራወር፣ ጠዋት ሰላም የምትልበትን ዜማ ወስዳለች። አንድ ቀን እዚያችው ሴትዮ ፊት በሴትዮዋ ሳቅ ሳቀች። ሴትዮዋ የተቀለደባት መስሏት ተቀየመች፤ ለማስረዳት ቃል አልነበራትም። ማታ ቤቷ ስትገባ መብራት አጥፍታ፣ ስልኳን ዘግታ ትተኛለች። ባሏ ለብዙ ጊዜ የተጣላችው ይመስለው ነበር።

ይህም ተጠንቷል ብላ ጠቆመችን። እንግሊዝ አገር ያለች ሎራ ኸል የተባለች ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር 25 ጥያቄ ያለው መመዘኛ አዘጋጅታለች፤ ሰው ጉድለቱን በምን ያህል ዘዴ እንደሚሞላ፣ ምን ያህል እንደሚደብቅ፣ ሳይፈልግ ምን ያህል ከሰው ጋር ለመመሳሰል እንደሚጥር ይለካል። በሳራ ካሲዲ መሪነት እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት ደግሞ ኦቲዝም ያለባቸው አዋቂዎች ዘንድ እንዲህ ያለው መደበቅ ራስን ከማጥፋት ሐሳብ ጋር ተያይዞ እንደሚታይ አሳይቷል። አንዱ ሌላውን ያመጣዋል ለማለት እንደማይበቃም አልደበቀችም።

ቀጥሎ ለእኔ የጻፈችውን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ልጄ የሰውን ቃል የሚዋሰው የሚፈልገውን ለመናገር ነው፤ እሷ ግን የተዋሰችው የምትፈልገውን ለመደበቅ ነው። ልጁ በተዋሰው ቃል ሲናገር የሚሰማው ካጣ፣ ሁለተኛውን ዓይነት ይማራል። ለጥያቄዬ ከመጡት ሁሉ ለእኔ መልስ የሆነው ይህ ነው። ዝም በዪው የሚለውን ምክር ያልተቀበልኩት በስሜት ብቻ ነበር፤ ምክንያቱን የሰጠችኝ እሷ ናት።

ምላሽ 8

ቤይሩት የሰው ቤት የምትሠራ እህት ናት። ሥራ አላት፣ ባል አላት፣ ቡና ትጠጣለች፤ ታዲያ ምኑ ነው ሕመሙ? ብላ ምላሽ 7ን ተቸች። እሷ ራሷ የእመቤቷን አነጋገር፣ አቀማመጥ፣ ቁጣዋን ሳይቀር ተምራ ነው ሰው ቤት የከረመችው። ስደተኛ ሁሉ ይቀዳል፤ ይህ የተመቻቸው ሰዎች በሽታ ነው አለች። ቃሏ ጎምዛዛ ነው፤ ድካሟ ግን ከመስመሮቹ መካከል ይታያል።

ምላሽ 9

የሲልቨር ስፕሪንጓ ሳትቆጣ መለሰች። የቤይሩቷ እህት የምትለው እውነት መሆኑን፣ እንዲያውም ያንን ድካም ከማንም በላይ እንደምትረዳላት ጻፈች። ልዩነቱን ግን እንዲህ አየችው፦ የቤይሩቷ እሁድ ከጓደኞቿ ጋር ስትገናኝ የእመቤቷን አነጋገር ጥላ በራሷ አፍ ታወራለች፣ ትስቃለች። እሷ ግን የራሷ ሰዎች መካከልም፣ በራሷ ቋንቋም፣ እናቷ ፊትም መቅዳቱን አታቆምም። ምላሽ 8 ሌላ አልጻፈችም።

ምላሽ 10 እና 11

ከርዕስ ወጣን። አንዱ ኦቲዝም የመጣው ከስልክ ነው አለ፤ ሌላው ከክትባት ነው ብሎ ሊንክ ለጠፈ። ነርስ የሆነች ሴት ለሁለተኛው አጭር እርማት ጻፈች፦ ያ ወሬ የተነሣው አንድሩ ዌክፊልድ እ.ኤ.አ. በ1998 በ12 ልጆች ላይ ላንሴት መጽሔት ላይ ካወጣው ጽሑፍ ነው፤ መጽሔቱ በ2010 ጽሑፉን ሽሮታል፣ ሰውየውም የሕክምና ፈቃዱን በዚያው ዓመት ተነጥቋል። በዚህ ጉዳይ የሚቀጥል ካለ ሌላ ርዕስ ይክፈት ብያለሁ፤ ልጆቻቸውን ሳያስከትቡ የቀሩ ወላጆች ስላየሁ ነው ጠንከር ያልኩት።

ምላሽ 12

አንዲት እናት የዘሚ የኑስን ስም አነሡ። ወይዘሮ ዘሚ የልጃቸው ነገር መነሻ ሆኗቸው እ.ኤ.አ. በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንንና ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ሲከፍቱ፣ ብዙ ቤት እንዲህ ያለው ልጅ ጓዳ ተቆልፎበት ይኖር ነበር። በ2021 አረፉ። የፊደላችንን ድምፅ ተከትሎ ንግግር የሚያስተምር አቡጊዳ ፎኔቲክስ የተባለ ዘዴ ትተው ሄደዋል። ጸሐፊዋ ቤት አስቀምጬው የነበረውን ልጅ ይዤ አደባባይ የወጣሁት እሳቸውን ቴሌቪዥን ላይ ካየሁ በኋላ ነው ብለዋል። ነፍሳቸውን ይማር የሚሉ ብዙ መጡ፤ እኔም አንዷ ነኝ።

ምላሽ 13

ጎጃም የአብነት ትምህርት ቤት የተማሩ አንድ ሰው ስለ አብሮ አደጋቸው ጻፉ። ልጁ የኔታ ያነበቡትን መዝሙረ ዳዊት አንዴ ሰምቶ ከነዜማው፣ ከነጉሮሮ ማጥሪያቸው ይመልስ ነበር። አባትህ ማን ይባላል ቢሉት ግን መልስ የለውም። እዚያ ሰምቶ መድገም የትምህርቱ ወግ ስለሆነ፣ የኔታ ከሌላው አልለዩትም። ያንን እያነበብኩ ደስ ሲለኝ ቀጣዩ ዓረፍተ ነገር መጣ፤ ተማሪዎቹ ስድብ አስተምረው መንደር ለመንደር እያዞሩ ያስደግሙትና ያስደበድቡት ነበር። የሚደግም ልጅ ያላችሁ ይህን አስቡበት። አፉ ላይ የተቀመጠለትን ሁሉ ይዞ ይሄዳል፤ ተጠያቂው ግን እሱ ይሆናል።

ምላሽ 14

እስራኤል፣ ነታንያ ያለች እናት። ልጇ ዕብራይስጡን ከመዋለ ሕፃናት፣ አማርኛውን ከአያቷ ወስዳ ለየብቻ አስቀምጣዋለች፤ ስትጫወት በዕብራይስጥ፣ ስትፈራ በአያቷ አማርኛ «ነይ በእኔ፣ ነይ በእኔ» ትላለች። ሞግዚቷ አማርኛ ስለማታውቅ ልጅቷ መፍራቷን አታውቅም ነበር። እናቲቱ አሥር ያህል አባባሎችን ከነትርጉማቸው ጽፋ ሰጠቻት። ትንሽ ነገር ናት፤ ግን ለምላሽ 4 መምህር ሥጋት መልስ የሰጠ ሰው ቢኖር እሷ ናት። ተርጓሚ የሌለው ዓለም ላይ ትርጉሙን በወረቀት አስቀድማ ላከችበት።

ምላሽ 15

አንድ ወጣት፣ ሰላምታችን ራሱ መድገም አይደለም ወይ ብሎ ጠየቀ። እንዴት ነህ ሲሉት እንዴት ነህ፣ ደህና ነህ ሲሉት ደህና ነህ እያለ ያደገ ሰው ማን ይነቃበታል? የእሱ ታናሽ ወንድም በዚሁ ምክንያት ሰላምታ ላይ ጎበዝ ነው፤ ሰው የሚነቃው ወሬው ከሰላምታ ሲያልፍ ነው። እስከ ዛሬ አላሰብኩትም ነበር። ልጄን ዘመድ ሁሉ ተግባቢ የሚለው ለዚህ ነው።

ምላሽ 16

የምላሽ 2 ባለሙያ ተመለሰች፤ ብዙ ሰው በውስጥ መስመር ምን እናድርግ ስላላት ነው። ትንሽ ደብተር ያዙ አለች። ልጁ ያለውን አባባል፣ የት እንደነበራችሁ፣ ከዚያ በፊት ምን እንደሆነና ከዚያ በኋላ ምን እንዳረጋጋው ጻፉ። ትርጉሙ የሚገኘው ከቃሉ ሳይሆን ከሁኔታው ነው። ምርጫ ስትሰጡ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ «ዳቦ ወይስ እንጀራ?» ስትሉት «እንጀራ» ካለ፣ ቅደም ተከተሉን ገልብጣችሁ ጠይቁ። አሁን «ዳቦ» ካለ የመጨረሻዋን ቃል እየመለሰ ነው፤ ሁለቱንም አሳዩትና በእጁ ይምረጥ።

ኢንተርኔት ላይ ስለሚሸጠው ከሐረግ ወደ ቃል የሚያሻግር ሥልጠናም ተጠይቃ ነበር። ብዙ ልጆች ቋንቋን በጅምላ ሐረግ ይዘው ኋላ እንደሚፈቱት የሚናገረው ሐሳብ የቆየ መሆኑን፣ የሥልጠናው ውጤት ግን በጠንካራ ጥናት ገና አለመረጋገጡን ጻፈች። በዶላር ለመክፈል ዕቃ ልትሸጥ የነበረች አንዲት እናት ይህን አንብባ ተወችው፤ በዚህ ብቻ ውይይቱ ዋጋ አለው።

ምላሽ 17

መምህሩ ለሦስተኛ ጊዜ መጡ። ሐሳባቸውን ለወጡ ማለት አልችልም። ሃምሳ ልጅ ይዞ የአንዱን ደብተር መሙላት አይቻልም ብለዋል። ነገር ግን ወላጅ እንደ ነታንያዋ እናት ጽፎ ካመጣላቸው ጠረጴዛቸው ላይ እንደሚለጥፉት፣ የክፍል አለቃውንም እንደሚያስተምሩ ጻፉ። ምላሽ 5 ይህም አይበቃም አላቸው። እኔ ግን በማግሥቱ ዝርዝሩን ጽፌ ለልጄ መምህር ወስጃለሁ፤ ተቀብለውኛል፣ ይጠቀሙበታል ወይ የሚለውን እያየሁ ነው።

ምላሽ 18

የአሥራ አራት ዓመት ልጅ እናት ናት። ልጇ ከርሞ ከርሞ መድገሙን እየተወ፣ የእኩዮቹን አካሄድና ቀልድ መቅዳት ጀምሯል፤ ቤት ሲገባ ደግሞ ማንንም አያናግርም። ሰው ሁሉ ተሻለው እያለ ያመሰግንላታል፤ እሷ ምላሽ 7ን ካነበበች ጀምሮ ፈርታለች። እንዳይቀዳ ብትከለክለው ብቻውን ይቀራል፤ ዝም ብትል ደግሞ ይደክማል። ምን ታድርግ? እስካሁን መልስ አላገኘችም። በተለይ ኦቲዝም ያለባችሁ አዋቂዎች፣ በዚያ ዕድሜ ቤት ውስጥ ምን ቢደረግላችሁ ይረዳችሁ እንደነበር ጻፉላት።